ስለ ራስህ ንገረን

እኔ ለመስቀል አገር ቤት ከርሜ መጣሁ። አገር ቤት ስል ዶዮገና ማለቴ ነው። በቡታጅራ፣ በወራቤ አድርጋችሁ ሆሳዕና ትደርሱና፣ ከዚያ ወደ አረካና ሶዶ በሚወስደው መንገድ ስትቀጥሉ ጉሙ ወርዶ መኪናውን የሚቀበልበት ደጋ አለ። እዚያ ነው። እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመበት፣ በግ እንደ ልጅ የሚወደድበት አገር። በመስቀል ሰሞን (እኛ መሳላ እንለዋለን) ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ከደቡብ አፍሪካም ሰው ይገባል። ቅርጫው፣ ቡላው፣ ቅቤው... በዚያ ሳምንት ስለ ኮሌስትሮል የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ከጨዋታው ይባረራል።

ዘንድሮ ግን እህቴ ቤት ቅርጫው መሀል ያልለመድነው ወሬ ገባ። ኢንተርቪው።

የእህቴ የመጨረሻ ልጅ በአካውንቲንግ ከተመረቀ አምስት ዓመቱ ነው። እዚያው ወረዳችን ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ይሠራል። አዲስ አበባ ካለ አንድ ተቋም ኤምቢኤ ለመማር አመልክቶ የጽሑፍ ፈተናውን አልፏል። ቃለ መጠይቁ አሥር ቀን ቀርቶታል። ክፍያውን የሚችልለት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው። እህቴ ቡና እያፈላች ወደኔ ዞር አለችና፣ “አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ። መናገር አስተምርልኝ” አለችኝ። እኔም ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው መናገር እንደማይችል ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋሁም። ሁለት በርጩማ ጓሮ አወጣንና እንሰቱ ሥር ተቀመጥን። ልጁ ከኪሱ አራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሠላሳ ጥያቄ ከነመልሱ። ከጓደኛ ጓደኛ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

“ወረቀቱን ተወውና እንጫወት” አልኩት። “እኔ ጠያቂ ነኝ። በል፣ ስለ ራስህ ንገረን።”

ጉሮሮውን ጠረገ። ስሙን ነገረኝ፣ የማውቀውን። የተወለደበትን ነገረኝ፣ ያኔም የነበርኩበትን። የትምህርት ደረጃውን ነገረኝና ዝም አለ።

“ሌላስ?”

“ሌላማ... ሌላ ምን አለ ጋሼ? ስለ እኔ ሌላ ሰው ይናገር እንጂ።”

ልስቅ ብዬ ተውኩት። እኛ ያደግነው ሰው ስለ ራሱ በማይናገርበት ቤት ነው። ሚስት ስትፈልግ ሽማግሌ ይናገርልሃል። መሬት ላይ ጠብ ሲነሳ ጎረቤት ይመሰክርልሃል። ሥራ ስትፈልግ እንኳ አባትህን የሚያውቅ ሰው “የእገሌ ልጅ ነው፣ ልጁ ጨዋ ነው” ይልልሃል። ራሱን የሚያወድስ ሰው ካየን ወይ ጠጥቷል ወይ የቀበሌ ምርጫ ደርሷል ማለት ነው። ይኸንን ልጅ ነው እንግዲህ አንድ ጠረጴዛ ፊት አቁመን፣ በማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ፊት፣ በሦስተኛ ቋንቋው “በል ራስህን ሽጥ” የምንለው። በከምባትኛ ያስባል፣ በአማርኛ ያቃናዋል፣ በእንግሊዝኛ ያወጣዋል። እስኪያወጣው ድረስ ጠያቂው ሰዓቱን ያያል።

ቀጠልኩ። “አመራር ያሳየህበትን አንድ አጋጣሚ ንገረን።”

“አመራር እንኳ የለኝም። ኃላፊ ሆኜ አላውቅም።”

ይኼኔ እህቴ ከማድቤት ጮኸች። “አንተ! የበጉን ማኅበር ሒሳብ ማን አስተካከለው?”

ነገሩን የሰማሁት ከሷ ነው፣ ከልጁ አይደለም። የሰፈሩ በግ አርቢዎች ማኅበር አላቸው። የገንዘቡ መዝገብ ተበላሽቶ አባላቱ እርስ በርስ መጠራጠር ጀምረው ኖሯል። “እገሌ በላው”፣ “የለም፣ እገሌ ነው” መባባል መጥቷል። ልጁ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሁለት ወር ሙሉ ደረሰኝ ሲያመሳክር ከረመ። የተበላ ገንዘብ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ እና ጭራሽ ያልተጻፈ ነበር እንጂ። ከዚያ ለየአባሉ በከምባትኛ አንድ አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ፣ መዋጮው ሲገባ አባሉም እንዲይዘው አደረገ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መረቁት። ማኅበሩ ሳይፈርስ ቀረ።

“ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?” አልኩት።

“ይኼማ ሒሳብ ነው ጋሼ።”

እኔ የምለው፣ እዚያ በርጩማ ላይ የነበርኩት ጠያቂ አጎቱ ባልሆን፣ እናቱም ከማድቤት ባትጮኽ ይኼ ልጅ ስንት ነጥብ ያገኝ ነበር? “አመራር፦ ዜሮ። በራስ መተማመን፦ ዝቅተኛ። አስተያየት፦ ለፕሮግራሙ ዝግጁ አይደለም።” አለቀ።

*

ቃለ መጠይቁን እኛ አልፈጠርነውም። ኤምቢኤውንም እንደዚሁ። ሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤምቢኤ የሚባለውም ዲግሪ ያኔ እዚያ ተጀመረ። ዛሬ ሐርቫርድ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ለጠራቸው አመልካቾች ብቻ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ጠያቂው የአመልካቹን ሙሉ ማመልከቻ፣ ድርሰቱንና የድጋፍ ደብዳቤዎቹን አንብቦ ነው የሚገባው። ስለዚህ “ስለ ራስህ ንገረን” ብሎ አይዘጋውም። “እዚህ ቦታ ሥራ የለቀቅከው ለምንድን ነው? ያኔ ሌላ ምን ምርጫ ነበረህ?” እያለ የጻፈውን እየነቀሰ ይጠይቀዋል። ሌላም ምክንያት አላቸው። እዚያ ትምህርቱ የሚሰጠው በኬዝ ነው። አንድ ኩባንያ የገጠመው ችግር ይቀርብና ተማሪው ሲከራከር ይውላል፤ በክፍል ውስጥ የተናገረው ከውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው። መናገር የማይችል ተማሪ እዚያ ክፍል ውስጥ ይሰጥማል። መናገሩን መፈተናቸው ይገባል።

እኛስ? እኛ ጋ በብዙው ክፍል አስተማሪው ስላይድ ያነባል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ “ሃንድአውት” ይገዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በማዕረግ የተመረቀ ሰው አውቃለሁ። ክፍሉ ዝም ያለ ተማሪ እየፈለገ፣ በሩ ላይ ግን አፈኛውን ነው የምናስገባው። “አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል” ይላሉ አበው። ጤፍ መቁላት የትምህርቱ ዓላማ ከሆነ እሺ።

ደግሞ ጥያቄዎቹን አታጧቸውም። “ለምን ኤምቢኤ?” ይባላል። እውነተኛውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሥራ ማስታወቂያው ላይ “ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይመረጣል” ስለሚል፣ ደመወዝ በእርከን ስለሚወጣ፣ አለቃው ስላለው፣ የአለቃው ምክትል ስለጀመረ። ይኼ ነውር የለበትም። የጉልበት ሠራተኛም ለእንጀራው ነው የሚነሳው። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የመለሰ ይወድቃል። ስለዚህ “ለአገሬ ኢኮኖሚ የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት” ይላል። ጠያቂው ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ተጠያቂው ጠያቂው እንደሚያውቅ ያውቃል፣ ሁለቱም አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

“ድክመትህ ምንድን ነው?” መልሱ ሠላሳው ጥያቄ ያለበት ወረቀት ላይ አለ፦ “ሥራ ስጀምር ጥንቅቅ ካላለ አልተውም።” ድክመቱ ጉብዝና! እንግዲህ ስንፍናችንን ለንስሐ አባታችን እንጂ ለኮሚቴ አንናገርም።

“ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?” በሚቀጥለው ወር ዘይት ስንት እንደሚገባ በማናውቅበት አገር! የእህቴ ልጅ ይኼን ስጠይቀው “እግዚአብሔር ካለ እዚሁ” አለኝ። ከሠላሳው መልሶች ሁሉ እውነት የነበረው ይኼ ነው። እኔ ራሴ ግን “እንዲህ እንዳትል” ብዬ ከለከልኩት። መናገር ላስተምር ተቀምጬ መዋሸት ማስተማሬን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ኤምቢኤ አገራችን ውስጥ እንዲህ የተፈለገበት ምክንያት ብዙ ነው። ባንኩና ኢንሹራንሱ በዛ፣ የግል ኮሌጁ ተስፋፋ፣ ሹመቱም ዲግሪ ጠየቀ። የአገሪቱ መሪ የነበሩት መለስ ዜናዊ ሥልጣን ላይ ሆነው በ1995 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ሲይዙ፣ ከታች ያለው ሹመኛ የላይኛውን አይቶ ደብተር መግዛቱ አይገርምም። ክፋቱ ሹመቱ ቀድሞ ትምህርቱ ሲከተል ነው። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የሚለውን ገልብጠን አሁን ጠምጥመን ነው የምንማረው። ያልጠመጠመው፣ የዶዮገናው ልጅ፣ በር ላይ ቆሞ ድክመቱን ይጠየቃል።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይኼን ሁሉ የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ “ከሚዲያው ዓለም” ብሎ የኤምቢኤ አመልካቾች ጠያቂ አድርጎ ጋብዞኝ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ጠያቂ፣ ለኛ ውኃ፣ ለተጠያቂው ባዶ ወንበር። አንድ ወጣት ገባ። ከረባቱ፣ ፈገግታው፣ አጨባበጡ! ገና ሳይቀመጥ ዘጠኝ ከአሥር በልቤ ሰጥቼዋለሁ። ቀሪውን ጊዜ ለዘጠኙ ምክንያት ስፈልግለት ነው ያሳለፍኩት። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ገባች። ከየት እንደመጣች አልጠየቅኳትም፤ አነጋገሯ ግን ከኔው አካባቢ መሆኗን ነገረኝ። ይኼ ያራራኝ ይመስላችኋል? ይልቅ አሳፈረኝ። ከጎኔ ያሉት ሁለቱ እኔንም በሷ አነጋገር የሚለኩኝ መሰለኝ። ከሷ በፊት ፊቴን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ።

አንዱ ባልደረባዬ ስለ ምንዛሪ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። ዝም አለች፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ “ይኼን አላውቀውም። ግን እንዴት እንደማጣራው ልንገራችሁ?” አለች። ልንገራችሁ ያለችውን እንኳ አልሰማናትም። “ጊዜ የለንም” አልናት። እኔ ወረቀቴ ላይ “በራስ መተማመን ይጎድላታል” ብዬ ጻፍኩ። አላለፈችም።

የከረባቱ ልጅ ምን እንደመለሰ ዛሬ ብትጠይቁኝ አንዲት ቃል አላስታውስም። ከረባቱ ሰማያዊ ነበር። የሷን ዓረፍተ ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ማወቂያ መንገዱን የሚያሳይ ሥራ አስኪያጅ እኮ ነው ባንኮቻችን ያጡት! እንዴት እንደሆነች አላውቅም። ብዙ ጊዜ ደህና ትሆናለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ስለ እውነት ለመናገር ማጽናኛው አይሠራም።

ይኼ የኔ ብቻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ኃጢአቴን ተናዝዤ ዝም እል ነበር። ግን ነገሩ ተጠንቷል። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂውስተን ያለው የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት እንደ ልማዱ ወደ 800 የሚሆኑ አመልካቾችን በቃለ መጠይቅ መዝኖ በተራ ደረደራቸው። ከላይ ያሉትን መርጦ 150 ሰው ያዘ። ከዚያ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሳይታሰብ “50 ተማሪ ጨምሩ” አለ። ጊዜው አልፎ ስለነበር ሌላው ሁሉ ሌላ ቦታ ገብቷል፤ የቀሩት ከ700ኛ በታች የተደረደሩት ነበሩ። ምርጫ ስላልነበረ እነሱን አስገቡ። በኋላ ተመራማሪዎች ሁለቱን ቡድኖች ተከታተሉ። በትምህርቱም፣ በሆስፒታል ሥራውም፣ በምረቃውም በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ በ1987 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያ ሁሉ ጥያቄ፣ ያ ሁሉ ኮሚቴ፣ ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን መለየት አልቻለም ማለት ነው።

ታዲያ ቃለ መጠይቅ ይቅር? እኔ ይቅር አልልም። ለምን ቢሉ፣ ጥሩ ቃለ መጠይቅ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፖል ሳኬት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር የሠራተኛ መምረጫ ዘዴዎችን እንደገና መዝኖ ነበር። ከሁሉም የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። መለኪያው ከዜሮ እስከ አንድ ቢሆን፣ ሥርዓት ያለው 0.42፣ እንደ መጣ የሚጠየቀው ግን 0.19 ነው ያገኘው። ጥናቱ ስለ ሥራ ነው እንጂ ስለ ትምህርት አይደለም፤ ቢሆንም ወንበሩና ጠረጴዛው ያው ነው። ሥርዓት ያለው ማለት ውድ ነገር ማለት አይደለም። ለሁሉም አመልካች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል መጠየቅ። ጥሩ መልስ፣ መካከለኛ መልስ፣ ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መጻፍ። ሦስቱ ጠያቂዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ መስጠት። “ምን ታደርጋለህ?” ከማለት “ምን አድርገህ ነበር? ማን አለ? ከዚያስ?” ማለት። ይኸው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

*

“የነጭ ጥናት ለኛ አይሠራም” የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ወደ ዶዮገና በግ ልውሰዳችሁ።

ገበያ ላይ በግ ሲገዛ አይታችኋል። ገዢው ጀርባውን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ ላቱን ይመዝናል፣ “ስንት ትላለህ?” ይላል። ለዕለቱ ወጥ ይኼ ይበቃል። ለዘር ግን አይበቃም። ዶዮገና ውስጥ ገበሬዎችና ተመራማሪዎች፣ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማዕከልና የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ሆነው፣ በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ የበግ ማሻሻያ ሠርተዋል። ጠቦቱ ሲወለድ ይመዘገባል። በየጊዜው ይመዘናል። እናቱ መንታ ወልዳ እንደሆነ ይጻፋል። አውራ በግ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ገበሬዎቹ ተሰብስበው ቀለሙን፣ ቁመናውን፣ ላቱን በዓይናቸው አይተው የሚወስኑት። ዓይን አልተሻረም፤ ከመዝገቡ ኋላ ተሰለፈ እንጂ። ገበያ ላይ ፀጉሩ ተበጥሮ የሚያምር አውራ ሁሉ ጥሩ ልጅ እንደማይወልድ ገበሬው ድሮም ያውቀዋል።

እህቴ ይኼን ስነግራት፣ “ታዲያ ልጄን እንደ በጉ ቢያዩልኝ ምናለ?” አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እውነቷን እኮ ነው። የልጇ መዝገብ አለ፤ አምስት ዓመት የሠራበት፣ ሁለት ወር ማታ ማታ ያመሸበት፣ ሽማግሌ የመረቀበት። የሚያየው የለም። የሚታየው አሥር ደቂቃ አጨባበጡ ነው።

“ወረቀትስ ይታመናል ወይ?” የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ጥያቄ ነው። ፎርጅድ ዲግሪ ገበያ ላይ እንደ ሽንኩርት የተሸጠበት ጊዜ አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት ምን እንደነበር ሁላችንም በየቤታችን አሰብን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ለሁለተኛ ዲግሪም አገር አቀፍ መግቢያ ፈተና መጥቷል። እኔ እነዚህን ፈተናዎች እደግፋለሁ። ፈተናው አባትህን አይጠይቅም፤ አነጋገርህ ቢሰባበርም ግድ የለውም።

ነገር ግን ፈተናው የዘጋውን በር ቃለ መጠይቁ ሲከፍተውስ? ነጥብ ሳይጻፍ፣ ጥያቄው ሳይታወቅ፣ ሦስት ሰው ክፍል ዘግቶ “ይኼ ይሻላል” ካለ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው። የወደቀው ለምን እንደወደቀ አይነገረውም። ያለፈውም ለምን እንዳለፈ ቢነገረው አንዳንዴ ያፍራል። ይኼ የሚጎዳው የወደቀውን ብቻ አይደለም። በችሎታው ያለፈውም ሰው “ማን አስገባው?” እየተባለ ይማራል።

*

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከባዱ። የኛ አገር ልጅ ቃለ መጠይቅ ሲወድቅ ምን እንደሚጠብቀው አዲስ አበባ ያለው ኮሚቴ ያውቅ ይሆን? ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜ እስከ ዶዮገና፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ሕፃኑም ያውቃል። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን ታንዛኒያን አቋርጦ፣ ደቡብ አፍሪካ። ደላላው “ስለ ራስህ ንገረኝ” አይልም። ድክመትህን አይጠይቅም። እንግሊዝኛህ ቢሰባበር ደንታ የለውም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ ብሩ አለ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ቦታ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በየመንደራችን ስልክ የጠፋበት እናት ሁሉ ያን ቀን ደረቷን ይዛ ነበር የዋለችው። የእህቴ ትልቁ ልጅ በዚያው መንገድ ነው የሄደው፤ እግዚአብሔር አድርሶታል። ታናሹን ግን “በዚያ መንገድ አትምጣ፣ ተማር፣ እኔ እከፍላለሁ” ያለው እሱ ነው። እንግዲህ ያ የአሥር ደቂቃ ወንበር ለአንዱ እድገት ነው፤ ለሌላው ደግሞ እንዲህ ያለ የወንድም ቃል ተንጠልጥሎበታል።

ማንንም በርኅራኄ አሳልፉልን አላልኩም። እኔን የሚያስፈራኝ ርኅራኄ የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ ለርኅራኄ ጊዜ የሌለው፣ ለፍትሕም ጊዜ የሌለው ጠያቂ ነው። ማመልከቻውን አንብባችሁ ግቡ ነው የምለው። ለተጠያቂውም ውኃ አስቀምጡለት። ዝም ሲል ጥቂት ጠብቁት፤ ዝምታ በኛ አገር አንዳንዴ አክብሮት ነው፣ አንዳንዴ ማሰብ ነው። “አመራር አለህ?” ስትሉት “የለኝም” ካላችሁ፣ “እሺ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የተጣላ ነገር አስተካክለህ ታውቃለህ?” በሉት። ያን ጊዜ ስለ በጉ ማኅበር ይነግራችኋል። ነጥባችሁንም ጻፉት። ነገ የወደቀው ልጅ መጥቶ “ለምን?” ቢላችሁ አውጥታችሁ የምታሳዩት ወረቀት ይኑራችሁ። እኔ የማሳየው አልነበረኝም።

ለልጆቹም አንድ ነገር ልበል። ሠላሳውን ጥያቄ ጣሉት። በምትኩ የሠራችሁትን አምስት ነገር ጻፉ፤ በቀኑ፣ በቁጥሩ፣ ከማን ጋር እንደሠራችሁት። መኩራራት አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ሽማግሌው አብሯችሁ ጠረጴዛው ፊት አይቀመጥምና፣ ለራሳችሁ ሽማግሌ ሁኑ። ሽማግሌ ደግሞ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

የእህቴ ልጅ ይኼን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ደወልኩለት።

“እንዴት ነበር?”

“ደህና ነበር ጋሼ። ስለ ራስህ ንገረን አሉኝ። የማኅበሩን ሒሳብ ጀመርኩላቸው።”

“እሺ?”

“ደረሰኝ ማመሳከሩ ጋ ስደርስ የአንደኛው ስልክ ጠራ። ሲመለስ ‘ዶዮገና የት ነው?’ አለኝ። እሱን ሳስረዳ ጊዜው አለቀ።”

ምን እንደምለው ጠፋኝ። “ውጤት መቼ ነው?” አልኩት።

“እንደውላለን ብለዋል።” ትንሽ ዝም አለ። ዝምታውን አሁን ጠበቅኩት። “እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ወደ አገር ቤት ልመለስ ነው ጋሼ። የማኅበሩ የመስከረም ሒሳብ አልተዘጋም።”

ይኸው እስካሁን አልደወሉም። ቸር ወሬ ያሰማን።